ያገለገለ መኪና ልትገዙ ነው? ማስታወቂያዎቹን እንዲህ አወዳድሩ

ባለፈው ክረምት የአንዱ ባልደረባችን ታናሽ ወንድም እቁብ ደረሰው። ሁለት ዓመት ሙሉ የጣለው ብር ነው፤ ከእህቱም ተበድሮ ጨምሮበታል። ሐሳቡ ቪትዝ ገዝቶ ሥራ መጀመር ነበር። አንድ ማታ ስልኩ ላይ ሦስት የቴሌግራም ማስታወቂያ ይዞ መጣና "የትኛዋን ልግዛ?" አለን። ጥያቄው ግን ለወጉ ነው፤ እሱ መርጦ ጨርሷል። ርካሿን። ሻጩ "ሌላ ሰው እየመጣ ነው፣ ቀብድ ካልላክህ አልይዝልህም" ስላለው በማግስቱ ጠዋት 50 ሺህ ብር ሊልክ ነበር።

"እሺ ነገ ትልካለህ፣ ዛሬ ማታ ግን ሦስቱንም አብረን እንያቸው" አልነው። ከዚህ በታች ያለው ያን ማታና ከዛ በኋላ በነበሩት ሁለት ሳምንታት ያየነው ነው። በውስጥ መስመር ስለ መኪና ግዢ የምትጠይቁን ብዙ ስለሆናችሁ አንድ ቦታ ሰብስበነዋል። ምሳሌው ቪትዝ ይሁን እንጂ ለኮሮላም ለሱዙኪም ያው ነው።

ማስታወቂያዎቹ እነዚህ ናቸው።

አንደኛዋ፦ "ቪትዝ፣ ሞዴል 2004፣ 78 ሺህ የነዳች፣ ንክኪ የሌለባት፣ ሴት የያዘቻት፣ ሊብሬ ያላት፣ ለአስቸኳይ ሽያጭ።"

ሁለተኛዋ፦ "ቪትዝ 2003፣ 1.0፣ ማንዋል፣ 141 ሺህ፣ የዘንድሮ ቦሎ ያላት፣ ኮፈኗ ላይ ጭረት አለ፣ ከባለቤቱ።" ከአንደኛዋ በ110 ሺህ ብር ትበልጣለች።

ሦስተኛዋ፦ "ያሪስ 2005፣ 1.3፣ አውቶማቲክ፣ 164 ሺህ፣ ድርድር አለው።" ከአንደኛዋ በ180 ሺህ ብር ትበልጣለች።

ዋጋውን ብቻ ላየ ሰው አንደኛዋ አሸንፋለች። ችግሩ ሦስቱ ማስታወቂያዎች የሚያወሩት ስለ አንድ ዓይነት ነገር አለመሆኑ ነው። አንዱ የተመረተችበትን ዓመት ይነግራችኋል፣ ሌላው የተመዘገበችበትን። አንዱ ጭረቷን ይነግራችኋል፣ ሌላው ዝም ይላል። መጀመሪያ ሦስቱንም በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ያስፈልጋል፣ ዋጋ የሚወዳደረው ከዛ በኋላ ነው።

"2004" የማን 2004 ነው?

ይሄ እኛ ሀገር ብቻ ያለ ወጥመድ ነው። መኪና የሚመረተው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እዚህ የሚመዘገበው በእኛ ነው። በሁለቱ መሃል 7 ወይም 8 ዓመት አለ። ማስታወቂያው ዝም ብሎ "2004" ካለ የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

ሻጩን በጽሁፍ "በሊብሬው ላይ የተመረተችበት ዘመን ስንት ይላል? ሀገር ውስጥ መጀመሪያ የተመዘገበችውስ መቼ ነው?" ብለን ጠየቅን። ከብዙ ማመንታት በኋላ ፎቶ ላከ። የተመረተችው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። የተመዘገበችው በ2004 ዓ.ም.። ማለትም ጃፓን ውስጥ አሥር ዓመት ገደማ ካገለገለች በኋላ የገባች መኪና ናት፤ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የገባችበት ዓመት ነው። ሻጩን ብትጠይቁት "አልዋሸሁም" ይላችኋል፣ እውነቱን ነው። ግን ርካሽ ያልናት መኪና ከሦስቱ አሮጊቷ ሆና ተገኘች።

የሰሌዳ ፊደልም እንደዚሁ ያሳስታል። በቆየው አሠራር "ኮድ 2 ቢ" ወይም "ሲ" ሲባል ፊደሉ የሚነግራችሁ እዚህ ሰሌዳ የወጣላትን ጊዜ እንጂ የተመረተችበትን አይደለም። ፊደሉ ወደ ኋላ ስለሆነ ብቻ መኪናዋ አዲስ ናት ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

ኪሎ ሜትሩን አካፍሉት

ካልኩሌተር አውጡ። 78 ሺህን ለ24 ዓመት ስናካፍለው በዓመት 3,250 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በቀን 9 ገደማ። ከመገናኛ ቦሌ ደርሳ እንኳ በደንብ አልተመለሰችም ማለት ነው፣ ያውም ለ24 ዓመት። የሁለተኛዋ 141 ሺህ ለ22 ዓመት ሲካፈል በዓመት 6,400 አካባቢ ነው። የያሪሷ 164 ሺህ ለ20 ዓመት 8,200።

ብዙዎቻችን ትንሽ ቁጥር ስናይ ደስ ይለናል። ነገር ግን የኪሎ ሜትር ቆጣሪን ወደ ኋላ መመለስ ከባድ ሥራ ስላልሆነ፣ በአሮጌ መኪና ላይ ትልቅ ቁጥር የጻፈ ሻጭ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይታመናል። የ20 ዓመት መኪና ላይ 60 እና 70 ሺህ ስታዩ "ምን ዓይነት ዕድል ነው" ሳይሆን "ማን ነካው" በሉ። ሄዳችሁ ስታዩዋት ደግሞ የፍሬን መርገጫውን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳ፣ የሾፌሩን ወንበር ጎን እዩ። መርገጫው ተልጦ ብረቱ እያበራ 78 ሺህ የሚባል ነገር የለም። ከአሜሪካ የገባች መኪና ከሆነች ደግሞ ቁጥሩ በማይል ሊሆን ይችላል፤ አንድ ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ነው።

"ንክኪ የሌለባት"፣ "ሴት የያዘቻት"

እነዚህን ሐረጎች ስታወዳድሩ ዜሮ ስጧቸው። መጥፎ ስለሆኑ አይደለም፤ ማረጋገጫ ስለሌላቸው ነው። "ሴት የያዘቻት" የሚለው ደግሞ አራተኛዋ ባለቤት ሴት ብትሆን ስለ ቀድሞዎቹ ሦስቱ ምን ይነግረናል? በተቃራኒው "ኮፈኗ ላይ ጭረት አለ" የሚለው የሁለተኛዋ ማስታወቂያ ሄዳችሁ ልታረጋግጡት የምትችሉት ነገር ነው። ጉድለቱን የጻፈ ሻጭ አግኝታችሁ ዋጋውን ለመስበር ብቻ አትጠቀሙበት፣ ነጥብም ስጡት።

ስልካችሁ ላይ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ ፎቶውን በጉግል ሌንስ ፈልጉት። አንድ መኪና በአምስት ደላላ ቻናል፣ በአምስት ዋጋ ተለጥፎ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ዝቅተኛው ዋጋ ብዙ ጊዜ ለባለቤቱ በጣም የቀረበው ነው። ፎቶው ከሌላ ሀገር ድረ ገጽ የመጣ ከሆነ ግን ጨዋታው አልቋል፣ ቁጥሩን ብሎክ አድርጉት። ሁለተኛ ገና ስታዩት ስክሪንሾት አንሱ፣ ቀኑ እንዲታይ። ማስታወቂያ ይጠፋል፣ ይስተካከላል፣ "ለአስቸኳይ" እየተባለ ሦስት ወር ይቆያል። አንደኛዋን ቻናሉ ውስጥ ወደ ኋላ ሄደን ስንፈልግ ከአምስት ሳምንት በፊት በሌላ ስልክ ቁጥር ተለጥፋ አገኘናት። አምስት ሳምንት የቆየ አስቸኳይ!

ሊብሬው ላይ ቁጭ በሉ

በፎቶ የምታዩት ቀለም ነው፤ የምትገዙት ሊብሬ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ።

የመጀመሪያው ጥያቄ በሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ ነው ወይ የሚለው ነው። የአንደኛዋ አልነበረም። "ባለቤቱ ውጭ ነው፣ ውክልና አለኝ" አለን። ውክልና ሕጋዊ ነው፣ በውክልና የሚሸጥ መኪና ሁሉ ችግር አለበት ማለትም አይደለም። ነገር ግን ውክልናው "መሸጥ" እና "ስም ማዛወር" የሚል ሥልጣን በግልጽ መያዝ አለበት፣ አለመሻሩም መጣራት አለበት። አንዳንድ ሰው ደግሞ ስም ሳያዛውር በውክልና ብቻ ገዝቶ ይነዳል፣ ወጪ ለመቆጠብ ብሎ። ወካዩ ውክልናውን በማንኛውም ቀን ሊሽረው ይችላል፤ ወካዩ ከሞተም በመርህ ደረጃ ውክልናው ያበቃል። ያኔ ከወራሾች ጋር ነው ጉዳያችሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ዋናው ሊብሬ የት ነው የሚለው ነው። ማስታወቂያው "ሊብሬ ያላት" ይላል። የተላከልን ፎቶ ግን የኮፒ ፎቶ ነበር። "ዋናውን ቪዲዮ አድርገህ ላክልን" ስንለው ነገሩ ወጣ፦ ዋናው ባንክ ነው። መኪናዋ የብድር ዋስትና ናት። "ቀብዱን ስትልኩልኝ ብድሩን ዘግቼ አወጣዋለሁ" አለ። የልጁ 50 ሺህ ብር ሊሄድ የነበረው እዚህ ነው። የሰው ብድር መክፈያ።

ዋናው ሊብሬ በሻጩ እጅ ቢሆንም እንኳ የመኪናዋ ፋይል ያለበት የትራንስፖርት ቢሮ ድረስ ከሻጩ ጋር ሄዳችሁ እዳና እገዳ አጣሩ። የፍርድ ቤት እገዳ ሊኖር ይችላል። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ሊኖር ይችላል። ፋይሏ ክልል ከሆነና እናንተ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ፋይል የማዘዋወሩ ጊዜና ምልልስ አለ፤ ይሄም በዋጋው ውስጥ ይግባ።

ሦስተኛው ቀረጥ ነው። ለኢንቨስትመንት ወይም በሌላ ልዩ መብት ከቀረጥ ነፃ የገባች መኪና ቀረጧ ሳይከፈል መብቱ ለሌለው ሰው አትተላለፍም። ዋጋዋ ከመሰሎቿ በጣም ወርዶ ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄን ይሁን። ዲክላራሲዮኑን ማየት ጥሩ ነው። ለሥራ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የሰሌዳው ኮድ ላሰባችሁት ሥራ የሚፈቀድ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ኮድ 2 የግል ነው፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 1 የታክሲ።

መሪዋ ከየት መጣ?

ቪትዝ የጃፓን ገበያ ስም ነው። ያው ዓይነት መኪና አውሮፓ ስትሸጥ ያሪስ ትባላለች። ጃፓን መሪው በቀኝ ስለሆነ እኛ ጋ ያሉት ቪትዞች በአብዛኛው ወደ ግራ የተቀየሩ ናቸው። የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ የፍጥነት መለኪያው ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ስለሆነ ለውጡ ለዓይን ቶሎ አይታወቅም።

ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥሩን እዩ። በ"ኤስ ሲ ፒ 10" የሚጀምርና አጭር ከሆነ የጃፓን 1.0 ቪትዝ ናት፣ ስትወለድ መሪዋ በቀኝ ነበር። 17 ፊደልና ቁጥር ኖሮት በ"ቪ ኤን ኬ" ከጀመረ ፈረንሳይ የተገጣጠመች ቶዮታ ናት። የእኛዋ ያሪስ ይህች ነበረች። የ180 ሺህ ብሩ ልዩነት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ ማስታወቂያዋ ግን አንድ ቃል አልጻፈችም።

የተቀየረ መሪ ሁሉ መጥፎ አይደለም፣ ከተማው ሙሉ በእነሱ ነው የሚንቀሳቀሰው። ልዩነቱ የሠራው ሰው ላይ ነው። መካኒካችሁ ከሞተሩ ኋላ ያለው ግድግዳ ላይ የብየዳ ምልክት፣ የዳሽቦርዱን መገጣጠሚያ፣ የመሪውን ክፍተት ይይ። ኤርባጉ በቦታው መኖሩን ጠይቁ። ማታ ደግሞ መብራቷን ግድግዳ ላይ አብሩት፤ የጃፓን መብራት ወደ ግራ ያዘነብላል፣ እኛ ጋ ሲሆን ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል።

ዋጋውን እንደገና ጻፉት

አሁን ስልካችሁ ላይ ኖት ክፈቱና ለእያንዳንዷ መኪና የተጠየቀውን ዋጋ ጻፉ። ከሥሩ የሚጨመረውን ደርድሩ። የደላላ ኮሚሽን ብዙ ጊዜ ከገዢ 2 በመቶ ይጠየቃል፤ መኪናዋ 1.5 ሚሊዮን ብር ብትሆን 30 ሺህ ብር ማለት ነው፣ ቀላል አይደለም። የስም ማዛወሪያ ክፍያዎች። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ። ቦሎ ከሌላት የዓመታዊ ምርመራ፣ ምርመራውን ለማለፍ የሚያስፈልገው ጥገና ጭምር። ከዛ ጎማ።

ስለ ጎማ፦ "ጎማ አዲስ" የሚለውን አትመኑ፣ አንብቡ። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱ፣ በፈረንጅ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ የደረቀ ጎማ አለ።

የአንደኛዋ አራቱም ጎማ ያረጀ፣ ቦሎዋ ያለፈበት፣ ደላላ ያለባት ነበረች። ሁለተኛዋ ከባለቤቱ ስለሆነች ኮሚሽን የለም፣ ቦሎ አላት። ይሄን ብቻ ደምረን የ110 ሺህ ብሩ ልዩነት ከግማሽ በታች ወረደ። ገና ሞተሯን ሳናይ ነው ይሄ።

ስትሄዱ

ጠዋት ሂዱ። ሞተሯ ሳይነሳ ድረሱ፣ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ከጠበቃችሁ "ለምን አስነሳሃት?" በሉ። ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ይናገራል፦ የማይጠፋ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላች ነው፣ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሞተር እየገባ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ማግኔት ያዙ፤ በሮቹና መከላከያው ጋ ሲደርስ የማይዝ ከሆነ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ (መከላከያው ፕላስቲክ ከሆነ አይይዝም፣ አትደንግጡ)።

መካኒክ የራሳችሁን ውሰዱ። ሻጩ "እዚች ጋ ጎበዝ ልጅ አለ" ካላችሁ አመስግናችሁ እለፉ። ሙከራው ደግሞ ሜዳ ላይ ብቻ አይሁን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ 1.0 ሞተር እዚህ አየር ያጥረዋል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሦስት ሰው ጭናችሁ ውጡ። ካምቢዮው ሲንገራገጭ፣ ሙቀቱ ሲጨምር፣ ፍሪሲዮኑ ሲያንሸራትት የምታዩት እዛ ነው። ሁለተኛዋን ይዘን ስንወጣ አልሞቀችም፣ ግን አሞርዛተሯ ያቃስት ነበር። ያሪሷ እንደ ጉድ ወጣች፣ አውቶማቲክ ካምቢዮዋ ግን ስትሞቅ ማርሽ ስትቀይር ትመታ ጀመር። መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ጥገና ደግሞ የእቁብ ብር የሚበላ ነገር ነው።

ቀብድ እና ውል

እዚህ ላይ የራሳችንን እንናገር። ከሁለት ዓመት በፊት ከመሃላችን አንዱ ለአንድ ሻጭ 20 ሺህ ብር ቀብድ በስልክ ላከ። ወረቀት የለም፣ ምስክር የለም። ከሦስት ቀን በኋላ መኪናዋ የተሻለ ለከፈለ ሰው ተሸጠች። ብሩ የተመለሰው በስንት ልመና፣ ያውም ተቆራርጦ ነው።

ሕጉ ግን ከገዢ ጋር ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይሄን ለመጠየቅ ግን "ቀብድ" የሚል ቃል ያለበት፣ የመኪናዋ ሰሌዳና ሻንሲ ቁጥር የተጻፈበት፣ ሁለታችሁም ምስክሮችም የፈረሙበት ወረቀት ያስፈልጋል። ባላያችሁት መኪና ላይ ቀብድ አትላኩ። "ሌላ ሰው እየመጣ ነው" ካሉ ይምጣ።

ዋናው ውል ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ የምትፈራረሙት ነው። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ትምጣ ወይም ይምጣ፤ ያላገባ ከሆነ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። ይሄን ቀድማችሁ ካልነገራችሁት እዛ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ከውሉ ቀን በፊት የነበረ ቅጣትና እዳ በሻጭ እንደሚሸፈን፣ የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ።

ኤሌክትሪክ ከሆነስ?

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ ያገለገሉ የኤሌክትሪክ መኪና ማስታወቂያዎች እየበዙ ነው። እዚህ ከኪሎ ሜትሩ በላይ የሚወዳደረው ባትሪው ነው። የባትሪው ጤና በመቶኛ ስንት እንደሆነ በምርመራ መሣሪያ ይታይ። ማስታወቂያው ላይ "በአንድ ቻርጅ ይሄን ያህል ትሄዳለች" የሚለው ቁጥር ለቻይና ገበያ በተሠራ መኪና በቻይና መለኪያ የወጣ ነው፤ ይሄ መለኪያ ከአውሮፓው ይልቅ ለጋስ ስለሆነ ሁለት መኪና ስታወዳድሩ መለኪያቸው አንድ መሆኑን እዩ። የቻርጅ መሰኪያዋ የቻይና ይሁን የአውሮፓ፣ ስክሪኗ ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ ይቀየር እንደሆነ ጠይቁ። ፋብሪካው ለባትሪ ዋስትና ሰጥቷል ማለት ደግሞ በግለሰብ የገባችውን እዚህ ይሸፍናል ማለት አይደለም።

ልጁ ሁለተኛዋን ገዛ። አሞርዛተሩን አሳይቶ የተወሰነ አስቀነሰ፣ ስሙን ካዛወረ በኋላ በዚያው ብር አስቀየረው። አንደኛዋ ይህን ስንጽፍ ቻናሉ ላይ አለች። ዋጋዋ 20 ሺህ ወርዷል፣ ሞዴሏ አሁንም 2004 ነው።

ሁለትና ሦስት ማስታወቂያ መሃል ከተቸገራችሁ ስክሪንሾቱን በውስጥ መስመር ላኩልን፣ የሰው ስልክ ቁጥር ሸፍናችሁ።